የጠራ ውኃ ሁሉ ንጹሕ ነውን?

«ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይላሉ አበው። ይህ አነጋገር ለወንዝ ብቻ ሳይሆን በብርጭቆ ለሚቀርበውም ውኃ የተገባ ነው።

በጁባ ከተማ፥ ካስተም በሚባለው ሰፈር፥ ከቦቴ ውኃ ገዝቶ በበርሜል የሚያጠራቅም ቤተ ሰብ ብዙ ነው። ከነጭ ዓባይ የተቀዳው ውኃ ሲደፈርስ እመቤቲቱ አጥልላ ታፈላዋለች። መልካም ታደርጋለች፤ እሳት የበሽታን ተሐዋስያን ይገድላልና። ነገር ግን እርሳስና ካድሚየምን የመሳሰሉት ከባድ ብረቶች በእሳት አይጠፉም፤ እንዲያውም ውኃው በተነነ ቍጥር በቀረው ውስጥ መጠናቸው ከፍ ይላል። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ስለሚጎዳ፥ የዓለም የጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውኃ ከ0.01 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል።

ሊቃውንት መርምረው እንዳገኙት፥ የሽፈራው ዘር፥ የሙዝ ልጣጭ፥ የቡና ገለፈትና ከሰል እነዚህን ብረቶች ከውኃ ለይተው ይይዛሉ። አሠራሩን ለመረዳት ሁለት ቃላትን እንለይ። ስፖንጅ ውኃን ይመጥጣል፤ ጋን በወይራ ሲታጠን ግን ጢሱ በጋኑ ገጽ ላይ ይለጠፋል። የልጣጩም ሥራ መለጠፍ ነው። ገጹ ኔጌቲቭ፥ የእርሳሱ ቅንጣት ፖዘቲቭ ኤሌክትሪክ ስላላቸው ይሳሳባሉ።

በሱዳን በዓባይ ዳር የሚኖሩ ሴቶች፥ በኮንሶ ቅጠሉ ለሚበላው ሽፈራው ዘመድ የሆነውን ዛፍ ዘሩን ወቅጠው ድፍርስ ውኃ ማጥራት የቆየ ልማዳቸው ነው። ዳሩ ግን የጭቃው መዝቀጥ የብረቱን መውጣት አያረጋግጥም። ደግሞም የልጣጩ ገጽ በብረት ሲሞላ መያዙን ያቆማል፤ ይህንንም ዓይን አያየውም፥ ምላስም አይለየውም። የሚያውቀው ላቦራቶሪ ብቻ ነው። ብረት የያዘውን ልጣጭ ለከብት መስጠት ወይም በጓሮ መድፋት፥ ብረቱን በሌላ በር ወደ ማዕድ መመለስ ነው።

ስለዚህ ይህ ጥበብ በባለሙያ እጅ ለሚሠራ ማጣሪያ ታላቅ ተስፋ ሲሆን፥ ለጓዳ ግን ብቻውን አይበቃም። ለቤት የሚሻለው «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ነው። ቀለም፥ ኬሚካል ወይም የባትሪ አሲድ የነበረበትን በርሜል ለውኃ አናውል፤ አሮጌ ባትሪም በጉድጓድና በወንዝ አጠገብ አንስበር፤ ውኃ ሻጩንም ከየት እንደ ቀዳ እንጠይቅ።

ውኃውን በየጊዜው አስመርምሮ ውጤቱን ለሕዝብ መግለጥ ግን የእመቤቲቱ ሳይሆን የሹም ፈንታ ነው።