ልጅ ልትተረጉመው የማይገባ የአባት ሕመም

በሀደራ ምዕራብ የባቡር ጣቢያ ጎሕ ሲቀድ ቆመው ከሚታዩት ወገኖቻችን መካከል ብዙዎቹ የቤተሰብ አባቶች ናቸው። አንዱ ወደ ፋብሪካ፣ ሌላው ወደ ጥበቃ፣ ሦስተኛው ወደ ጽዳት ሥራ ይሄዳል። ማታ ደክመው ይመለሳሉ። ድካም ለሠራተኛ እንግዳ አይደለም። ሆኖም በማኅበራዊ ሠራተኛነቴ በየቤቱ ስገባ፣ ሰንበትን አርፈው እንኳ ድካሙ የማይለቃቸው አባቶች ያጋጥሙኛል። ቁጣቸው ቅርብ ነው፤ ከትዳር ጓደኛቸውም ርቀዋል። ሚስት «ሌላ ሴት ለምዶ ይሆን?» ብላ ትጠረጥራለች። ባል «አገሩ አልተስማማኝም» ብሎ ዝም ይላል።

ከእነዚህ አንዱን አባት ወደ ሐኪም የወሰደችው የ13 ዓመት ልጁ ነበረች፤ ከቤተሰቡ ዕብራይስጥ የምታውቀው እርሷ ብቻ ናት። ሐኪሙ ስለ መኝታ ቤት ሕይወቱ ጠየቀው። ልጅቱ አንገቷን ደፍታ፣ «አባባ፣ ደህና ይተኛሉ ወይ ነው የሚሉዎ» አለችው። አባትም «ፈጣሪ ይመስገን፣ እተኛለሁ» ብሎ መለሰ። ቫይታሚን ታዘዘለትና ወደ ቤቱ ተመለሰ። ማንም አልዋሸም፤ እውነቱ ግን ከክፍሉ ሳይወጣ ቀረ።

ያልተነገረው ነገር የወንድ ሆርሞን ማነስ ሊሆን ይችላል። ቴስቶስተሮን የሚባለው ይህ ሆርሞን በአብዛኛው የሚመረተው በዘር ፍሬዎች ነው፤ ትእዛዙ የሚመጣው ግን ከአንጎል ሥር ካለች የአተር ፍሬ ከምታህል ዕጢ ነው። ጡንቻን፣ አጥንትን፣ ደምን፣ የሩካቤ ፍላጎትንና የዘር መመረትን ይደግፋል። ከ40 ዓመት ወዲህ በየዓመቱ 1 ከመቶ ያህል መቀነሱ የተፈጥሮ ነው። በሽታ የሚባለው ሁለት ነገር ሲገናኝ ነው፦ ምልክቱ ሲታይና የደም ምርመራውም ሲያረጋግጥ። ዋናዎቹ ምልክቶች የፍላጎት መጥፋት፣ የብልት አለመቆም፣ በተለይም ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነቁ የሚኖረው መቆም መቅረት ናቸው። ድካም ብቻውን አይበቃም። ድካምን የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ መታወክ፣ ድብርት፣ በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቆራረጥም ያመጣዋል።

ይህ ጉዳይ እኛን በተለይ የሚነካበት ምክንያት አለ። ወገኖቻችን ከኢትዮጵያ ሲመጡ የስኳር በሽታ እምብዛም አልነበረባቸውም። እዚህ ነጭ ዳቦው፣ ጣፋጭ መጠጡና መቀመጡ ሲበዛ በሽታውም በዛ። በ1998 ዓ.ም. አቈጣጠር በፈረንጆች «ጤና ብሪኡት» የተባለው ድርጅት የተቋቋመው ከዚህ የተነሣ ነው፤ መሥራቿም በዚሁ በሀደራ በሂሌል ያፌ ሆስፒታል የሆርሞንና የስኳር ሐኪም የነበሩት ዶክተር አናት ያፌ ናቸው። የስኳር በሽታና የሆድ ውፍረት ያለበት ወንድ ደግሞ ቴስቶስተሮኑ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው። ደስ የሚለው፣ ክብደት ሲቀንስ ሆርሞኑ ያለ መድኃኒት ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕክምና ብዙ ጊዜ ያለው በማዕዳችንና በእግራችን ነው።

ምርመራው ቀላል ነው፤ ሰዓቱ ግን ወሳኝ ነው። ሆርሞኑ ጠዋት ከፍ ብሎ ከሰዓት ስለሚወርድ፣ ደሙ ከ7 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ (በእኛ አቈጣጠር ከጠዋቱ 1 እስከ 5)፣ ሳይበሉ፣ በሁለት የተለያዩ ቀኖች መሰጠት አለበት። ከሥራ መልስ የተሰጠ ደም ጤነኛውን በሽተኛ ሊያስመስለው ይችላል። ሌሊት የሚሠራ ሰው ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገር። በሊትር ከ12 ናኖሞል በላይ ከተገኘ ችግሩ ሌላ ቦታ ይፈለጋል፤ ከ8 በታች ሲሆን ግን ማነሱ ግልጽ ነው።

ማነሱ ከተረጋገጠ ሆርሞኑ በቆዳ በሚቀባ ጄል ወይም በመርፌ ይተካል። ጄል የሚቀባ አባት እጁን ይታጠብ፣ የተቀባውንም ቦታ ይሸፍን፤ ሚስትንና ሕፃናትን ከነካ ይጎዳልና። ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት ይህ ነው፦ ከውጭ የሚገባ ቴስቶስተሮን የራስን የዘር ምርት ያቆማል። ገና ልጅ መውለድ የሚፈልግ ሰው ሊወስደው አይገባም፤ ለሐኪሙ ከተናገረ ሌላ መንገድ አለ። የፕሮስቴት ካንሰር ላለበትም ክልክል ነው። ደምን ሊያወፍር ስለሚችል ክትትል ያስፈልገዋል። በ2023 ይፋ የሆነ፣ የልብ ሕመም ባለባቸው ወይም በሚያሰጋቸው ከ5,000 በላይ ወንዶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ሕክምናው የልብ ድካምና የአንጎል ምት አደጋን እንዳልጨመረ አሳይቷል፤ የልብ ምት መዛባትና በሳንባ የደም መርጋት ግን በመጠኑ በዝተው ታይተዋል። ስለዚህ መድኃኒት ነው እንጂ ቫይታሚን አይደለም። ለጡንቻ ሲሉ ከስፖርት ቤት መርፌ የሚገዙ ወንዶች ልጆቻችንም ይህን ይስሙ፤ በ25 ዓመት የጀመረ በ30 ዓመቱ መካን ሆኖ ራሱን ሊያገኝ ይችላል።

ወደዚያ አባት ልመለስ። የጎደለው መድኃኒት አልነበረም፤ አፍ ነበር። በ1996 የወጣው የበሽተኛ መብት ሕግ ሕመምተኛ ምስጢሩ እንዲጠበቅለትና በሚገባው መንገድ እንዲገለጽለት ያዛል። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያም የሕክምና ተቋማት የቋንቋ አገልግሎት እንዲያዘጋጁ ተደርጓል። ስለዚህ ለቀጠሮ ወደ ቁፓት ሆሊም ሲደውሉ «በስልክ የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ይበሉ። በስልክ የሚያስተረጉመው ሰው ፊትዎን አያይም፣ ጎረቤትዎም አይደለም። እናቶችም ከመጠርጠር በፊት «አብረን ሐኪም ዘንድ እንሂድ» ቢሉ ትዳር ይድናል።

ያ አባት በሌላ ቀን፣ ያለ ልጁ፣ ከአስተርጓሚ ጋር ገባ። የተገኘበት የስኳር በሽታ ነበር፤ ሆርሞኑም ዝቅ ብሏል። ሐኪሙ ከስኳሩ ጀመረለት። ልጅቱም በዚያ ሰዓት ትምህርት ቤቷ ነበረች፤ የልጅ ቦታዋ እዚያ ነው።