ባቡሩ ስንት ሰዓት ይመጣል?



መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ ሥራ ሲጀምር ሕዝቡ በደስታ ተቀብሎታል። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶም ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የሚዘልቀው መስመር ተከተለ። 34 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ፣ 39 ጣቢያዎች፣ 41 ባቡሮች፣ ሲጀመር ከ2 እስከ 6 ብር የነበረ ታሪፍ፤ ይህ ለደመወዝተኛው፣ ለተማሪውና በጉሊት ለምታድረው እናት ትልቅ እፎይታ ነበር። ተቃዋሚ ስለሆንን ብቻ መልካሙን ሥራ ክፉ አንልም።

ይሁን እንጂ ሐዲድ መዘርጋት አንድ ነገር ነው፤ አገልግሎት መስጠት ሌላ ነገር ነው። በ2015 ዓ.ም. ከ41ዱ ባቡሮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዋናነት በመለዋወጫ እጥረት ከሥራ ውጭ እንደነበሩ በይፋ ተነግሯል። ባቡር ሲያንስ ወረፋው ይረዝማል፤ የመጣውም ሞልቶ ያልፋል። ጠዋት መገናኛ ወይም ሳሪስ የሚቆም ሠራተኛ «ቀጣዩ ባቡር ስንት ሰዓት ይመጣል?» ብሎ ቢጠይቅ በእርግጠኝነት የሚመልስለት ማን ነው? አርፍዶ ሲገባ ግን ደመወዙ የሚቆረጠው የእሱ ነው። ሰዓቱ የማይታወቅ ባቡር የቱንም ያህል ርካሽ ቢሆን ለሠራተኛ ሰው ውድ ነው።

ወደ ታሪፉ እንምጣ። ገዥው ፓርቲ የባቡሩን ትኬት ብቻ እየጠቀሰ ርካሽ ነው ይለናል። ነዋሪው ግን ከጣቢያ እስከ ጣቢያ አይኖርም። ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተነስቶ ሳር ቤት የሚሠራ ሰው እስከ ቃሊቲ በታክሲ፣ ከቃሊቲ እስከ ሜክሲኮ በባቡር፣ ከሜክሲኮ ደግሞ እንደገና በታክሲ ወይም በአውቶቡስ ይሄዳል። ሦስት ጊዜ ይሰለፋል፤ ሦስት ጊዜ ይከፍላል። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሳ የታክሲው ዋጋ ጨመረ፤ ማታ ማታ ደግሞ መስመር እየቆራረጡ ማስከፈሉ ተጨመረበት። እንግዲህ ሒሳቡ መሠራት ያለበት ከቤት እስከ ሥራ ቦታ ነው።

የመስመሮቹ አለመገናኘትም ሌላው ችግር ነው። ከድሬዳዋ በባቡር የሚመጣ መንገደኛ ለቡ ጣቢያ ይወርዳል፤ የከተማው ባቡር ግን ለቡ አይደርስም። ከነሻንጣው ታክሲ ፍለጋ ይንከራተታል። ሁለት የባቡር መስመሮች በአንድ ከተማ ውስጥ ሳይተዋወቁ ይኖራሉ።

ይህ ሁሉ የቸርነት ጉዳይ ሳይሆን የመብት ጉዳይ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41(3) በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች ዜጎች ሁሉ በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። ለዚህ ባቡር የወጣው 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በአብዛኛው ከቻይና የተገኘ ብድር ነው። ዕዳውን የተሳፈረውም ያልተሳፈረውም፣ የአዲስ አበባውም የባሕር ዳሩም የሐዋሳውም ነዋሪ ይከፍላል። የሚከፍል ሁሉ የመጠየቅ መብት አለው።

ስለዚህ ፓርቲያችን ቢመረጥ የሚከተሉትን ይፈጽማል፦

አንደኛ፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ባቡር የሚነሳበት ሰዓትና በመካከሉ ያለው ልዩነት በየጣቢያው ተጽፎ ይለጠፋል። ከተያዘው ሰዓት ምን ያህሉ እንደተከበረ በየወሩ ለሕዝብ ሪፖርት ይቀርባል።

ሁለተኛ፣ በባቡርና በከተማ አውቶቡስ ላይ በአንድነት የሚያገለግል፣ ለ90 ደቂቃ የሚቆይ አንድ ትኬት ይዘጋጃል። ተማሪዎች፣ ጡረተኞችና አካል ጉዳተኞች ቅናሽ ያገኛሉ።

ሦስተኛ፣ የአውቶቡስ መስመሮች ዳር ያሉ የኮንዶሚኒየም መንደሮችን ከአያት፣ ከቃሊቲና ከጦር ኃይሎች ጣቢያዎች ጋር እንዲያገናኙ ይደለደላሉ። የታክሲ ተራዎች ወደ ጣቢያዎቹ ይቀርባሉ፤ መብራትም ይኖራቸዋል። ለቡ ላይ የባቡሩን መድረሻ ሰዓት የሚጠብቅ አውቶቡስ ይመደባል።

አራተኛ፣ ለመለዋወጫ የሚያስፈልገው የውጭ ምንዛሪ በዓመታዊ በጀት ራሱን ችሎ ይያዛል። የጥገና ውሎችም ለሕዝብ ይፋ ይሆናሉ።

ይህ ወጪ አለው። ከትኬት ሽያጭ ብቻ እንደማይሸፈንም እናውቃለን። ስለዚህ ድጎማው ስንት እንደሆነ በምክር ቤት ቀርቦ፣ ተከራክረንበት፣ በበጀት ሰነድ ላይ በግልጽ ይጻፋል። የቆሙት ባቡሮች ሳይጠገኑ አዲስ ሐዲድ እንዘረጋለን ብለን ድምፅ አንለምንም። ባቡር ለሌላቸው ከተሞችም ቃላችን ያው ነው፤ የአውቶቡሱ መነሻ ሰዓትና ታሪፍ በየመናኸሪያው ተጽፎ ይለጠፋል።

ውድ መራጮች፤ ድምፃችሁን ፈልጎ የሚመጣውን እጩ ሁሉ፣ የእኛንም ጭምር፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚገነባ ብቻ አትጠይቁት። «ባቡሩ ስንት ሰዓት ይመጣል? ከቤቴ እስከ ሥራዬስ ስንት ያስከፍለኛል?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን አመዛዝናችሁ በካርዳችሁ ፍረዱ።