ነዋሪ የሌለበት ከተማ

በጌም ሥራ ጸጉራችሁ የሸበተ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ ይህን የምጽፈው ለጀማሪዎቹ አይደለም። እነሱ የታዘዙትን ይሠራሉ። የጦርነት ጌም ሲወጠን ምን ይግባ፣ ምን ይቅር ብለን የምንፈርመው እኛ ነን።

የሚወቅሱን ሰዎች ደም በዛ ይላሉ። እኔን የሚያስፈራኝ ያስቀረነው ነገር ነው። የከተማ ካርታ ስንሠራ የታጠበ ልብስ ገመድ ላይ እንሰቅላለን፤ በረንዳ ላይ ብስክሌት እናጋድማለን፤ ጠረጴዛ ላይ ያላለቀ ሻይ እናስቀምጣለን። ነዋሪውን ግን እናስወጣዋለን። ለምን እንደሆነ ሁላችን እናውቃለን፤ ነዋሪ ካለ ተጫዋቹ ተሳስቶ ይገድለዋል፤ ከገደለው ጌሙ መልስ መስጠት አለበት፤ መልሱ ደግሞ ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል። የተገደለውን ወታደር ሬሳም ኮምፒውተሩ እንዳይከብደው ብለን ወዲያው እናጠፋዋለን። እንዲህ ባለው ከተማ ውስጥ ያደገ ወጣት ጦርነትን የታጠቁ ሰዎች ብቻ ጉዳይ አድርጎ ቢያስብ ማንን እንወቅሳለን?

የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ2002 በነጻ የለቀቀውን «አሜሪካስ አርሚ» አስታውሱ። ለምልመላ እንደሚያገለግለው ጦሩ ራሱ አልደበቀም። ሁለት ቡድን ይገጥማል፤ እያንዳንዱ ተጫዋች በራሱ ስክሪን ላይ ጓዶቹን በአሜሪካ ወታደር ልብስ፣ ተጋጣሚዎቹን በጠላት መልክ ያያል። እነዚያም በበኩላቸው ራሳቸውን አሜሪካዊ፣ እነዚህን ጠላት አድርገው ያያሉ። ጠላት ሆኖ የተጫወተ አንድም ሰው የለም። እንደ ባለሙያ ብልሃቱ ያስደንቀኛል። ግን ሚሊዮኖች ሲታኮሱበት ከወዲያኛው ወገን ቆሞ ራሱን ያየ አልነበረም፤ ጌሙ የተዘጋውም ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2022 ነው።

ታሪክንም እየነካን ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1991 አሜሪካ የመራችው ጥምር ጦር ከኩዌት ወደ ባስራ በሚወስደው አውራ ጎዳና የሚሸሸውን የኢራቅ ጦር ከአየር ደበደበ፤ የተቃጠሉት መኪኖች ፎቶ ዓለምን ዞረ፤ መንገዱም «የሞት ጎዳና» ተባለ። በ2019 የወጣው «ኮል ኦፍ ዱቲ፦ ሞደርን ዋርፌር» ያንኑ ስም ወስዶ በፈጠራ አገር ላይ አሳረፈው፤ ድብደባውንም ለሩሲያውያን ሰጠው። አገሩ የፈጠራ ነው ማለት አያድንም፤ ስሙ የእውነት ነውና። ስለዚያ ጦርነት ምንም ያላነበበ ወጣት ስለ ጎዳናው የሚያውቀው ይህንኑ ብቻ ይሆናል።

ሌላ መንገድ የለም አትበሉኝ። የቼኩ ድርጅት ቦሂሚያ ኢንተራክቲቭ እ.ኤ.አ. በ2017 ለጦርነት ጌሙ ለ«አርማ 3» ስለ ጦርነት ሕግ ተጨማሪ ክፍል ሠራ። ተጫዋቹ ፈንጂ የሚያመክን የእርዳታ ሠራተኛ ሆኖ በፈራረሰ መንደር ውስጥ ይዘዋወራል፤ በየፍርስራሹ ላይ ምን እንደደረሰና ማን እንዳደረሰው ያስታውሳል። ድርጅቱ በዚያ ዓመት ከክፍሉ ሽያጭ ያገኘውን የተጣራ ገቢ ግማሹን ለዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ሰጠ። «አርማ»ም በዚህ ምክንያት ተጫዋች አላጣም።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። አገር ቤት ጌም የሚሠሩ ልጆች እየበቀሉ ነው፤ እኛንም ምክር ይጠይቁናል። የሰሜኑ ጦርነት በፕሪቶሪያ ስምምነት ከቆመ ገና ጥቂት ዓመት ነው፤ ለቅሶው ከየቤቱ አልወጣም። አንድ ባለገንዘብ መጥቶ «ይህን ጦርነት ጌም አድርጉልኝ» የሚልበት ቀን ሩቅ አይመስለኝም። ያን ቀን ጠላት የሚሆነው ማን ነው? ሲመታ በየትኛው ቋንቋ ይጮኻል? ካርታው ላይ የሚፈርሰው የማን እናት ቤት ነው? በዚያ ጌም ውስጥ የአሜሪካኑን ብልሃት ብናስገባ፣ እያንዳንዱ ልጅ ጎረቤቱን በጠላት መልክ ሲያይ ያድጋል፤ ጎረቤቱም እሱን እንዲሁ።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ ገንዘቡ የቱንም ያህል ቢበዛ፣ እጁን የሰጠ የሚተርፍበት፣ የቆሰለ የሚነሣበት፣ ነዋሪ ከነልጆቹ ከቤቱ የሚወጣበት ክፍል በዕቅዱ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ፊርማችሁን አታኑሩ። ጀማሪዎቹ እምቢ ማለት አይችሉም፤ እንጀራቸው ነው። እኛ እንችላለን።