ያልጠየቅነው ትንሽ ቃል



ባለፈው መንፈቀ ዓመት ከክፍሎቻችን በአንዱ የደረሰውን ነገር ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል። መምህራችን በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ሊሰጥ የነበረው ፈተና ወደ ማክሰኞ መዛወሩን ሲያስታውቁን «ብሮት ፎርዋርድ» አሉ። «ብሪንግ» ማምጣት፣ «ፎርዋርድ» ወደ ፊት መሆኑን ገና በልጅነታችን ተምረነዋል። በእኛ አነጋገር ደግሞ ወደ ፊት ማለት ገና የሚመጣው ጊዜ ነውና፣ ፈተናው ከዓርብ በኋላ ወዳለው ማክሰኞ የተገፋልን መስሎን ደስ አለን። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነበር፤ «ብሮት ፎርዋርድ» ማለት ከተቀጠረው ቀን አስቀድሞ እንዲሆን ተደረገ ማለት ነው። ማክሰኞ ጧት ከመካከላችን ብዙው ደብተሩን ሳይገልጥ መጣ፤ ጥቂቶችም ጭራሽ ሳይመጡ ቀሩ።

በዚህ ማንን እንወቅሳለን? መምህራችን የተናገሩት ትክክለኛ እንግሊዝኛ ነው። ሲጨርሱም ጥያቄ እንዳለን ጠይቀውናል። እኛ ጎረቤታችንን አየን፤ ጎረቤታችንም እኛን አየ፤ ለእያንዳንዳችን ሌላው ሁሉ የገባው መሰለንና ዝም አልን። መምህራችን ዝምታችንን እንደ መግባባት ቆጥረው ወጡ። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል ሰምተን አድገናል፤ ለእኛ ግን የቀረብን ፈተናው ነው።

ከዚህ የምንረዳው የጎደለን ትልልቁ ቃል አለመሆኑን ነው። «ፎቶሲንተሲስ»ን ፊደል ሳንስት እንጽፋለን፤ ስለ «ኢንፍሌሽን» አምስት ገጽ እንሞላለን። ነገር ግን ሐኪም ፊት ቀርበን የት እንዳመመን፣ እንዴት እንዳመመን በእንግሊዝኛ ንገሩ ብንባል እንንተባተባለን። የምንማርበትን ቋንቋ ለፈተና እናውቀዋለን እንጂ ለኑሮ አላወቅነውም።

የዚህ ምክንያቱ ምንድን ነው? አንደኛው የቋንቋው ጠባይ ነው። ኦግደን የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በ1930 እ.ኤ.አ. ለውጭ አገር ሰዎች ያወጣው «ቤዚክ ኢንግሊሽ» ቃላቱ 850፣ ከእነዚያም ውስጥ ግሦቹ 18 ብቻ ነበሩ። ይህን ለማድረግ የተቻለው ትንንሾቹ ግሦች ከትንንሽ ቃላት ጋር እየተጣመሩ የብዙ ግሥ ሥራ ስለሚሠሩ ነው። «ፑት» ማስቀመጥ ነው ብለን ተምረን አልፈናል፤ «ፑት ኦን» ግን መልበስ፣ «ፑት ኦፍ» ለሌላ ቀን ማስተላለፍ፣ «ፑት አውት» እሳት ማጥፋት፣ «ፑት አፕ ዊዝ» ደግሞ ችሎ መኖር ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባውም። «አለ» ማለት ተናገረ ማለት መሆኑን ብቻ የተማረ የውጭ አገር ሰው «ቁጭ አለ»፣ «ብድግ አለ»፣ «ዝም አለ» ሲባል ቢሰማ ምን ይገባዋል? ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሐረግ እንዳለ መያዝ እንጂ ቃል በቃል በትኖ መተርጎም ያሳስታል።

ሁለተኛው፣ አማርኛችንን እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ ማሻገራችን ነው። አንድ ሰው ከወንበሩ ተነሥቶ ሲወጣ «መጣሁ» ቢለን ቶሎ እንደሚመለስ ይገባናል፤ ይህንኑ «አይ ኬም» ብሎ ለእንግሊዝ ቢነግረው ግን፣ በር ከፍቶ የሚሄድ ሰው እንዴት መጣሁ ይላል ብሎ ይደነግጣል። እኛ ራበን፣ በረደን፣ አመመን እንላለን፤ ረኃቡና ብርዱ አድራጊ፣ እኛ ተደራጊ ነን። እንግሊዝ ግን ራሱን ባለቤት አድርጎ «አይ አም ሀንግሪ»፣ «አይ አም ኮልድ» ይላል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከበደው ግን የራሳችን ሣቅ ነው። በክፍል ውስጥ አንዱ ቃል ቢያበላሽ ያ ቃል እስከ ዓመቱ መጨረሻ የቅጽል ስሙ ሆኖ ይቀራል። እኛ ራሳችን ከሣቁት መካከል ነበርን፤ ስለዚህ ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርሙለታል፤ መታረሙም ነውር አይባልም። ያ ልማድ በአገራችን ሳለ፣ እኛ በሰው አገር ቋንቋ መሳሳትን እንደ ኃጢአት መቁጠራችን ያሳዝናል።

በራሳችን ቋንቋ ለምን አንማርም የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። ጥያቄው ትልቅ ነው፤ የሚገባውን ክርክር ሊያገኝ ይገባዋል። ይሁን እንጂ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነበር፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የአንደኛ ደረጃን ለአገር ቋንቋዎች ሰጥቶ፣ ሁለተኛ ደረጃንና ከፍተኛ ትምህርትን ለእንግሊዝኛ ተወ። ክርክሩ እስኪቋጭ ድረስ ነገ ጧት የምንገባበት ክፍል በእንግሊዝኛ ይጠብቀናል። በኪሳችን ያለው ስልክ ይተረጉምልናል የሚሉም አሉ፤ ነገር ግን ያልገባን መሆኑን ያላወቅነውን ቃል ስልኩን ብለን አንጠይቅም። «ፎርዋርድ»ን የማናውቅ መስሎን ነበርን?

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። ማኅበራችን በሳምንት አንድ ምሽት አንድ ሰዓት ይወስን፤ በዚያች ሰዓት ስለ ገበያ፣ ስለ ሕመም፣ ስለ ቀጠሮ፣ ስለ መንገድ በእንግሊዝኛ ብቻ እንነጋገር፤ የሚያርም ይኑር፣ የሚሥቅ ግን አይኑር። መምህራን ደግሞ ቀንና ሰዓት ሲለውጡ በሰሌዳ ላይ እንዲጽፉልን፣ «ጥያቄ አላችሁ?» ካሉም በኋላ ከእኛ አንዱ የተባለውን እንዲደግም እንዲያደርጉ በአክብሮት እንለምናለን። ሦስተኛው የእያንዳንዳችን ነው፤ ያልገባን ቃል ሲመጣ እጃችንን እናንሣ። ያን ዕለት አንድ እጅ ብቻ ቢነሣ ኖሮ ለክፍሉ ሁሉ ይበቃ ነበር።