ለቀብር እድር አለን፤ ለወሊድስ?

«አግብተሻል? ልጅስ ወልደሻል?» ለሥራ ቃለ መጠይቅ የገባች ወጣት ይህ ጥያቄ ሲመጣባት ምን እየተጠየቀች እንደሆነ በደንብ ይገባታል። ዲግሪዋም የሥራ ልምዷም ታልፏል፤ አሁን የሚመዘነው ማህፀኗ ነው። ስለዚህ ትዋሻለች። ቀለበቷን ከመግባቷ በፊት አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። ካረገዘችም ሰፊ ሹራብ ደርባ አምስትና ስድስት ወር እስኪሞላት ሆዷን ትደብቃለች። ይባስ ብሎ የእርግዝና ክትትሏን ትዘላለች፤ ፈቃድ ጠይቃ ጤና ጣቢያ ከሄደች ይታወቅባታላ!

ሠርቶ አዳሪ ሴት ልጅ መፀነሷን እንደ ጥፋት የምትሸሽግበት ዘመን ማብቃት አለበት። የሚያበቃውም ማንም ስላዘነልን አይደለም፤ እኛው ተነሥተን ስናስቆመው ነው። ይህ ጥሪ ለሠራተኛ ማኅበራት መሪዎች፣ ለእድር ሊቀመንበሮችና ለእቁብ ዳኞች፣ ለአባቶች፣ እንዲሁም ይህን ጽሑፍ ቤቱ ቁጭ ብሎ ለሚያነብ ሁሉ ነው።

ሕጉ መጥፎ ነው ብሎ መጀመር ስሕተት ይሆናል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ለሴቶች ከሙሉ ደመወዝ ጋር የወሊድ ፈቃድ ሰጥቷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ የሥራ ቀናት ብሎ ቆጥሮ አስቀምጦታል። የ1996ቱ አዋጅ ከወሊድ በኋላ ይሰጥ የነበረው 60 ቀን ብቻ ስለነበር ለውጡ ትንሽ አይደለም፤ የታገሉለትን እናመሰግናለን። በአዋጅ 1156 መሠረት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ማስረጃ እስካቀረበች ድረስ ለምርመራ የወጣችበት ሰዓት ከደመወዟ አይቆረጥም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሥራ ላይ አትመደብም፤ ትርፍ ሰዓት አትሠራም። ሕጉ ለይቶ ከጠቀሳቸው ምክንያቶች በቀር፣ በእርግዝናዋ ወራትና ከወለደች እስከ አራት ወር ድረስ አትሰናበትም።

ታዲያ ይህን የመሰለ ሕግ እያለ ሴቲቱ ለምን ሆዷን ትደብቃለች?

ገንዘቡን የሚከፍለው ማን እንደሆነ እንይ። የፈቃዱ ደመወዝ በሙሉ የሚወጣው ከአንድ ኪስ፣ ከአሠሪዋ ኪስ ነው። ትልቅ ባንክ ይህን ላይሰማው ይችላል። አራት ሠራተኛ ያላት ፀጉር ቤት ግን ለወላዷ ደመወዝ እየከፈለች በቦታዋ ሌላ ስትቀጥር ወሩን መዝጋት ያቅታታል። አሠሪዎች «ይከብደናል» ሲሉ ሁልጊዜ ሰበብ እየፈጠሩ አይደለም፤ ይህን ሳንደብቅ እንናገር። ነገር ግን ሸክሙ መጨረሻ የሚያርፈው ሴቷ ላይ ነው። ሲሻል አትቀጠርም። ሲብስ በኮንትራት ትቀጠርና ሆዷ ገፋ ሲል «ውልሽ አልቋል» ትባላለች። ከሁሉ የከፋው ደግሞ «በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የሚል የተዘጋጀ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሲጠብቃት ነው።

የግል ድርጅት ሠራተኞች በየወሩ ከደመወዛችን 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል፤ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርበታል። ያ ቋት እርጅናን ያውቃል፣ የአካል ጉዳትን ያውቃል፣ ሞትንም ያውቃል፤ ወሊድን ግን አያውቅም። ሰፈራችንም ከዚህ የተለየ አይደለም። እድራችን ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ብረት ድስቱን አዘጋጅቶ፣ ገንዘቡን ቆጥሮ ለለቅሶ ይደርሳል። ለአራስ ግን ገንፎና «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለን፤ ገንፎው ካለቀ በኋላ ያለውን ወር የሚሸፍን ደንብ ግን የለንም። ከእድር ለመጠቀም የግድ ሐዘን መቀመጥ ያለብን መሆኑ፣ ሲያስቡት፣ ትንሽ ያስቃል።

ደመወዝተኛዋ ይህን ያህል ከተቸገረች፣ ደመወዝ የሚባል ነገር የሌላትስ? የጉልት ነጋዴዋን አስቧት። ቲማቲሙን በማዳበሪያ ጆንያ ላይ በመደብ በመደብ ደርድራ፣ ሽንኩርቱን በዱቤ ካመጣችበት አከፋፋይ ጋር እየተሳሰበች፣ ዘጠነኛ ወሯን ከድንጋይ ላይ ሳትነሣ ትጨርሰዋለች። በመንግሥት ጤና ጣቢያ መውለድ በነፃ ነው፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ከወሊድ በኋላ ነው። አንድ ወር ብትቀር ቦታዋን ሌላ ትይዘዋለች፣ ደንበኞቿ ይበተናሉ፣ ዱቤው ግን እዚያው ይጠብቃታል። ስለዚህ አርባ ቀን ሳይሞላት፣ ወገቧ ሳይጠና፣ ጨቅላዋን በጋቢ ጠቅልላ ከጃንጥላ ሥር ትመለሳለች። ደንብ አስከባሪ መጣ ሲባል መጀመሪያ የምታነሣው ልጇን ነው፤ ቲማቲሙ ይቀራል።

እንደዚያች ላለች ሴት ምንም ማድረግ አይቻልም የሚል ሰው ካለ ወደ ገጠር ይመልከት። በሴፍቲኔት ፕሮግራም የታቀፈች ድሀ ገበሬ ስታረግዝ እርከን ከመሥራትና መንገድ ከመቆፈር ነፃ ትሆናለች፤ ድጋፏ ግን አይቋረጥም፤ ከወለደችም በኋላ ይቀጥላል። በምትኩ የሚጠበቅባት የጤና ክትትሏን ማድረግ ነው። «ሳትሠሪ የምትቆዪበት ገቢ» የሚለው ሐሳብ እንግዲህ የሀብታም አገር ቅንጦት አይደለም። እርከን ለምትሠራዋ ከተቻለ፣ ለጉልቷ የማይቻልበት ምክንያት የለም።

ሩዋንዳን ደግሞ እንይ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የሥራ ሕጓ 12 ሳምንት ይፈቅድ ነበር፤ ሙሉ ደመወዝ የሚከፈለው ግን ለስድስቱ ሳምንት ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ከልጇ ጋር መቆየት የፈለገች እናት የምታገኘው የደመወዟን 20 በመቶ ነበር። በ20 በመቶ ማን ይኖራል? እ.ኤ.አ. በ2016 በሕግ የወሊድ ፈንድ አቋቋሙ። ሠራተኛው ከደመወዙ 0.3 በመቶ፣ አሠሪው ሌላ 0.3 በመቶ ያዋጣሉ። ወንድ ነኝ፣ ወልጄ ጨርሻለሁ፣ አልወልድም ብሎ የሚቀር የለም። የመጀመሪያውን ስድስት ሳምንት አሠሪው ሲከፍል፣ ቀሪውን ፈንዱ ይሸፍናል።

በእኛ ገንዘብ እናስላው። 8,000 ብር ደመወዝ ላለው ሰው 0.3 በመቶ ማለት በወር 24 ብር ነው፤ አሠሪውም እንዲሁ 24 ብር። አዲስ አበባ ውስጥ በዚህ ገንዘብ ማኪያቶ ፈልጉና አግኙ! የእኛ ፈቃድ ከእነርሱ ስለሚረዝም ስሌቱ ከፍ ያለ ቁጥር ሊያወጣ ይችላል፤ እሱን ባለሙያ ያስላው። እኛ የምንጠይቀው መርሁን ነው፦ የወሊድ ደመወዝ ከአንድ አሠሪ ኪስ ወጥቶ ወደ ጋራ ቋት ይግባ፤ በግል የምትሠራዋም በፈቃዷ እያዋጣች እንድትገባበት በሩ ክፍት ይሁን። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ይታወቅ። ፈንድ ይቋቋም ስንል አሁን በእጃችን ያለው ቀን ይሸራረፍ ማለታችን አይደለም። ማንም ይህን ለድርድር ቢያቀርብ ከጠረጴዛው እንነሣለን።

እንግዲህ ወደ ሥራው።

በየፋብሪካው፣ በየአበባ እርሻው፣ በየሆቴሉ ያላችሁ ሠራተኞች፣ ተደራጁ! በአንድ ድርጅት ውስጥ ማኅበር ለማቋቋም አሥር ሠራተኛ ይበቃል። ማኅበር ካለ የኅብረት ስምምነት አለ፤ የኅብረት ስምምነት ደግሞ አዋጁ ከሰጠው በላይ መስጠት ይችላል። ወደ ድርድሩ ስትገቡ መጀመሪያ የማጥቢያ ሰዓት ጠይቁ። የጤና ባለሙያዎች ሕፃኑን ስድስት ወር ሙሉ ከጡት ሌላ ምንም አትስጡ ይሉናል፤ እናቲቱ ግን አራት ወር ገደማ ሲሞላት ማሽኗ ላይ ተመልሳለች። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ጡቷ አጋቶ ሸሚዟን ያረጥባል። መጸዳጃ ቤት ገብታ በሯን ቆልፋ ወተቱን እያለበች ሲንክ ውስጥ ታፈሳለች፤ ውጭ የተሰለፉት በሩን ያንኳኳሉ፤ እቤት ልጇ የላም ወተት በጡጦ ይጠባል። ለዚህ የሚያስፈልገው በቀን አንድ ሰዓት፣ ንጹሕ ክፍል፣ ወንበርና ፍሪጅ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ በመሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖር ደንግጓል፤ የግሉ ዘርፍ እናት ልጅስ ምን አጠፋ? እንደ ሐዋሳ ባሉ ኢንዱስትሪ ፓርኮች ሠራተኛው አብዛኛው ወጣት ሴት ነው። እዚያ የማቆያ ክፍል ጥያቄ በአንድ ፋብሪካ ከሚነሣ ይልቅ በሁሉም ሼዶች በአንድ ሳምንት ቢነሣ ማን ይመልሰዋል?

እኅቴ ሆይ፣ ያንን «በገዛ ፈቃዴ» የሚለውን ወረቀት አትፈርሚ። «ነገ አንብቤ እመጣለሁ» በይና ይዘሽው ውጪ፤ ካልሰጡሽም ሳትፈርሚ ውጪ። የምርመራ ወረቀትሽን፣ የፈቃድ ማመልከቻሽን፣ የተጻፈልሽን መልእክት ሁሉ ቅጂ አስቀምጪ። በእርግዝናሽ ምክንያት ብትባረሪ ወደ ሥራ ለመመለስ ክስ የሚቀርበው በሦስት ወር ውስጥ ነው፤ ያልተከፈለ ደመወዝ ለመጠየቅ ስድስት ወር አለሽ። «ትንሽ ልረፍና እከሳለሁ» ያሉ ብዙ አራሶች መብታቸው በይርጋ ታግዷል። የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፈልበትም፤ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ለሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል። የሥራ ባልደረቦቿ ደግሞ ዝም አትበሉ። ብቻዋን ስትጠራ ሁለት ሆናችሁ አብራችኋት ግቡ፤ ያኔ ወረቀቱ ብዙ ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

የእድርና የእቁብ ሰዎች፣ እናንተ መንግሥትን መጠበቅ አያስፈልጋችሁም። በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ መተዳደሪያ ደንባችሁ ላይ አንድ አንቀጽ ጨምሩ፦ አባል ስትወልድ፣ ወይም የአባል ሚስት ስትወልድ፣ ይህን ያህል ብር በሳምንት ውስጥ እጇ ይግባ። መዋጮው ላይ ጥቂት ብር ቢጨመር ነው። በእቁብ ደግሞ ነፍሰ ጡሯ ያለ ዕጣ ወሯን ትምረጥ፤ ዛሬም ቢሆን ለቸገረው ሰው ዕጣ እየለቀቅን ኖረናል፣ ይህን በጽሑፍ ማድረግ ብቻ ነው የቀረን። የጉልቷ ሴት ቢያንስ አርባ ቀኗን እቤቷ እንድትተኛ፣ ጎረቤቶቿ በየተራ ቦታዋን ይጠብቁላት፤ በዚህ አገር ወንፈል የማያውቅ ሰፈር የለም።

ወንዶች! አዋጅ 1156 ለአባት የሰጠው ሦስት ቀን ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 10 የሥራ ቀን ሲሰጥ የግሉ ሦስት ላይ ቀረ። ወንድ ልጅ ከተወለደ ስምንት ቀን ሞልቶት ሳይገረዝ አባትየው ወደ ሥራ ተመልሷል ማለት ነው። ይህ የሴቶች ጉዳይ ነው ብላችሁ የማኅበሩ ስብሰባ ላይ ከኋላ አትቀመጡ። የአባት ፈቃድ በረዘመ ቁጥር ቃለ መጠይቅ ላይ «ልጅ ልትወልጂ ነው?» የሚለው ጥያቄ ትርጉም ያጣል፤ ወንዱም እኩል ሊጠየቅ ነዋ።

ሚያዝያ 23 የሠራተኞች ቀን ሲደርስ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን የወሊድ ፈንድን ከጥያቄዎቹ ፊት እንዲያስቀድም በየማኅበራችሁ ቃለ ጉባኤ አስይዛችሁ ላኩ። የምክር ቤት ተወካዮቻችሁ ለመራጭ ውይይት ሲመጡ፣ ከመንገዱና ከውኃው ጥያቄ ጋር ይህን አንሡ።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ እሱ ደግሞ ብዙዎቻችንን ያሳፍራል። ደመወዝተኛዋ እናት ፈቃዷ አልቆ ቢሮ ስትመለስ ልጇን የምትይዝላት ሌላ ሴት ናት፤ ከገጠር የመጣች፣ ምናልባት ሃያ ዓመት ያልሞላት የቤት ሠራተኛ። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ እርሷን አይመለከትም። ለቤት ውስጥ ቅጥር ደንብ ይወጣለታል ከተባለ ከ1985ቱ አዋጅ ጀምሮ ሦስት አዋጆች ተፈራርቀዋል፤ ደንቡን አሁንም እየጠበቅን ነው። ልጅቱ ስታረግዝ የምናደርገውን እናውቃለን። ሒሳቧ ይሰጣታል፣ ልብሷን በፌስታል ትይዛለች፣ ደላላው በማግስቱ ሌላ ያመጣል። ለራሳችን ሰልፍ ወጥተን እርሷን በር ላይ ከሸኘን ጥያቄያችንን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

ደንቡ ይውጣ ብለን አብረን እንጩህ። እስኪወጣ ድረስ ግን የሚከለክለን ሕግ የለም። የአንድ ግቢ ወይም የአንድ ኮንዶሚኒየም ብሎክ ነዋሪዎች ተሰብስባችሁ ተስማሙ፦ በቤታችን የምትሠራ ሴት ብታረግዝ አትባረርም፤ ለክትትል ስትሄድ ከደመወዟ አይቆረጥም፤ ስትወልድ ቢያንስ የሁለት ወር ደመወዝ ይከፈላታል፤ መመለስ ከፈለገች ቦታዋ ይጠብቃታል። ወጪው ለአንድ ቤት ከከበደ የብሎኩ ነዋሪ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ያዋጣ፤ የጥበቃና የጽዳት ገንዘብ የምናዋጣበት ቋት አለን አይደል? ስምምነቱን በወረቀት አስፍሩትና ፈርሙበት። ከዚያም እቤት ገብታችሁ ለልጅቱ ንገሯት፤ ሳታረግዝ፣ ዛሬ ማታ፣ እራት ስታቀርብ ሳይሆን አብራችሁ ተቀምጣ።