ቅጣቱን የጨረሰ ሰው እስከ መቼ ይቀጣል? የወንጀል ሪከርድና የሙያ ፈቃድ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለውን የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ በደብረ ሲና በኩል ወደ ይፋት ቆላ ሲወርድ ሸዋ ሮቢትን ያገኛል። ከተማዋን ብዙ ሰው የሚያውቃት በሙቀቷ ብቻ ሳይሆን በፌዴራል ማረሚያ ቤቷም ጭምር ነው። ከዚያ ግቢ ፍርዱን ጨርሶ የሚወጣ ሰው ወደ አዲስ አበባ ቢመለስም ወደ ወሎ ቢያልፍም አንድ ጥያቄ ይከተለዋል። የሚሠራበትን ፈቃድ ሲጠይቅ «ከወንጀል ነጻ መሆንህን የሚያሳይ ማስረጃ አምጣ» ቢባል ምን ይመልሳል?

ጥያቄው ለእኛ ለሙስሊሞች የሩቅ ወሬ አይደለም። ሐምሌ 27 ቀን 2007 የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴው አባላትን ጨምሮ 18 ወንድሞቻችን በፀረ ሽብር አዋጁ እስከ 22 ዓመት በሚደርስ እስራት ተቀጥተዋል። የሕዝበ ሙስሊሙን የመብት ጥያቄ ይዘው መንግሥት ዘንድ የቀረቡ ሰዎች ነበሩ። በተለያየ ጊዜ ከእስር ወጡ፤ ኡስታዝ አሕመዲን ጀበልም በየካቲት 2010 ተፈታ። ስማቸው በሚዲያ ያልተነሳ ሌሎችም ብዙ ናቸው።

ብዙዎቻችን «ተፈታ» ሲባል ነገሩ ሁሉ ያለቀ ይመስለናል። ሕጉ ግን በይቅርታና በምሕረት መካከል ሰፊ ልዩነት ያደርጋል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 229 መሠረት ይቅርታ ቅጣቱን ያስቀራል እንጂ ፍርዱን ከመዝገብ አይሰርዝም። በአንቀጽ 230 መሠረት ግን ምሕረት ፍርዱን እንዳልነበረ ያስቆጥረዋል፤ መዝገቡም ይሰረዛል። በ2010 የወጣው የምሕረት አዋጅ ቁጥር 1096 ትልቅ ትርጉም የነበረው ለዚህ ነው።

ለፖለቲካ እስረኛ ይህ በር ተከፍቷል። በወጣትነቱ ሰርቆ ወይም ተደባድቦ የታሰረውስ?

እዚህ ላይ ሕጉ ራሱ መልስ አለው። በአንቀጽ 123 መሠረት አንድን ጥፋተኛ ፈቃድ ከሚጠይቅ ሙያ ወይም ንግድ የማገድ ሥልጣን የፍርድ ቤት ነው። ዳኛው የወንጀሉን ዓይነትና ሁኔታውን መዝኖ፣ ሰውየው ለዚያ ሥራ የማይበቃ መሆኑን አይቶ ይወስናል። እገዳው በጊዜ ሲወሰንም ከ1 እስከ 5 ዓመት ነው። እንግዲህ ዳኛው ያላገደውን ሰው የቢሮ ሠራተኛ በመስኮት በኩል ዕድሜ ልኩን ቢያግደው፣ ያለ ችሎት ሁለተኛ ፍርድ ሰጠ ማለት ነው።

በሌላ በኩል የሕዝብ ደኅንነት አለ፤ ይህን አንክድም። የጣርማ በርን ቁልቁለት 60 መንገደኛ ይዞ የሚወርድ ሾፌር ሰክሮ በመንዳት ሰው የገደለ ከሆነ፣ መንጃ ፈቃዱን ዓይናችንን ጨፍነን እንመልስለት አንልም። ሕፃን የደፈረን ሰውም ወደ መማሪያ ክፍል አንመልስም። አማና ማለት ይህ ነው። ነገር ግን በጠብ የታሰረ ወጣት መንጃ ፈቃድ፣ በደረቅ ቼክ የተፈረደበት ሰው የኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ፈቃድ ቢከለከል ማንን ከምን ጠበቅን? ወንጀሉና ሙያው ምንም አይገናኙም።

ዑለሞቻችን ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደሉም። በሱረቱ አን-ኑር አንቀጽ 4 እና 5 ንጹሕ ሴትን በዝሙት ወንጅሎ አራት ምስክር ያላመጣ ሰው ይገረፋል፤ ምስክርነቱም ተቀባይነት ያጣል። ወዲያው ግን ተውበት ያደረጉና ሥራቸውን ያሳመሩ ተለይተው ወጥተዋል። ሐነፊዮች ምስክርነቱ ከተውበት በኋላም አይመለስም ሲሉ፣ ሻፊዒዮች፣ ማሊኪዮችና ሐንበሊዮች ይመለሳል ብለዋል። ሻፊዒዮች ደግሞ መታረሙ እንዲታይ የአንድ ዓመት ጊዜ ሰጥተዋል። ተውበት በቃል ብቻ አይበቃም፤ ጊዜ ይፈትነዋል፤ የሰው ሐቅም መመለስ አለበት።

የሚገርመው የወንጀል ሕጋችንም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከአንቀጽ 232 ጀምሮ «መሰየም» የሚባል ሥርዓት አለ። ቅጣቱን የፈጸመ ሰው በጽኑ እስራት ከሆነ 5 ዓመት፣ በሌላ ቅጣት ከሆነ 2 ዓመት በመልካም ጠባይ ከቆየና የበደለውን በአቅሙ ከካሰ፣ ለፍርድ ቤት አመልክቶ ፍርዱን ከመዝገብ ማሰረዝ ይችላል። ከዚያ በኋላ ያለፈውን በክፋት እያነሳ የሚያጥላላው ሰው በስም ማጥፋት ይጠየቃል። ታዲያ ከእስር ከሚወጡት ስንቶቹ ይህን መብታቸውን ነግሮ የሚያስወጣቸው ያገኛሉ?

ስለዚህ የምንለው ግልጽ ነው። ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤቶች ወንጀሉ ከሙያው ጋር ያለውን ግንኙነትና ያለፈውን ጊዜ ሳይመዝኑ በር አይዝጉ። ማረሚያ ቤቶች ታራሚን ሲያሰናብቱ ስለ መሰየም ያስረዱ። የሕግ ባለሙያ ወንድሞችና እህቶቻችን ማመልከቻ በመጻፍ ቢያግዙ ትልቅ ሰደቃ ነው። በይቅርታ የወጣችሁም ወረቀታችሁን አውጥታችሁ ይቅርታ ይሁን ምሕረት አረጋግጡ።

ድሮ ወህኒ ቤት እንለው የነበረውን ዛሬ ማረሚያ ቤት ብለነዋል። ስሙ እውነት እንዲሆን ከዚያ የወጣ ሰው ታርሟል ብለን የምናምንበት ቀን ሊኖር ይገባል። ሐላል እንጀራ የተዘጋበት ሰው ተመልሶ የሚያንኳኳው በር የትኛው እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።