መሰላሉ ሲረዝም

ረጅም የደረጃ መሰላል አዲስ ተጫዋችን ያባርራልን? በኢንተርኔት ብዙ ሰው አብሮ የሚጫወተው «ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» እ.ኤ.አ. በ2004 ሲጀመር ጣሪያው 60ኛ ደረጃ ነበር፤ በ2018 ግን 120 ደረሰ። «ሳይደክሙ ማዕረግ የለም» የሚሉ ነባሮች አይጠፉም። እውነት ነው፤ ዳሩ ግን እነርሱ ሲጀምሩ ሁሉም ከታች ስለ ነበረ በየደረጃው ባልንጀራ አላጡም። ኋላ የመጣው ግን ባልንጀሮቹ ከላይ ሆነው እርሱ ብቻውን ይወጣል። የሚያሸሸውም ከድካሙ ይልቅ ብቸኝነቱ ነው። ኩባንያው በ2020 ጣሪያውን ወደ 60 መመለሱ ደግ ነበር፤ ነገር ግን በ2024 እንደገና 80 ደረሰ። ስለዚህ መሰላል ማሳጠር ብቻውን አይበቃም፤ ነባሩ ወርዶ አዲሱን ቢያግዝ የሚጠቀምበት ደንብ ይውጣ። አዲስ አባል የማይገባበት ማኅበር የኋላ ኋላ መፍረሱ አይቀርም።